ወኩን ተዉትና ድስቱን እንይ

ሰላም ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ቦርጭ ነው። ቁርስ እየበላችሁ የምታዳምጡኝ ዝም ብላችሁ ብሉ፣ ማንንም ልቆጣ አልመጣሁም።

እኔ ክብደት የቀነስኩት በእግር በመሄድና ካሎሪ በመቁጠር ነው። ጂም አልገባሁም። ያንን በቴሌግራም የሚሸጠውን የማቅጠኛ ሻይም አልጠጣሁም፣ ወደሱ እመለሳለሁ። ሰው ሲያገኘኝ ግን የሚጠይቀኝ ስለ ወኩ ብቻ ነው። "በቀን ስንት እርምጃ ትሄጃለሽ?" ስለ ድስቱ የሚጠይቀኝ የለም። ዋናው ሥራ ያለው ግን እዚያ ነው።

እስቲ እርምጃውን ቶሎ እንጨርሰው። 10,000 እርምጃ የሚባለው ቁጥር ከሐኪም የመጣ ይመስላችኋል፣ አይደል? ከጃፓን ገበያ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ኦሎምፒክ አዘጋጀች፣ የኛው አበበ ቢቂላ እዚያ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፣ አገሩ በሙሉ ስለ ስፖርት ማውራት ያዘ፣ በዓመቱ አንድ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ መቁጠሪያ አወጣና 10 ሺህን መሸጫው አደረገው። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት ደግሞ በቀን 4,400 እርምጃ ገደማ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። 7,500 አካባቢ ሲደርስ ልዩነቱ መጨመሩን ያቆማል። ስለዚህ ስልኬ 10,000 አላለም ብላችሁ ማታ ሳሎን ውስጥ አትዙሩ።

አሁን ሒሳቡ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሜዳ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ አንድ ሰዓት ያህል ማለት ነው፣ ቁጭ ብሎ ከሚያቃጥለው በላይ የሚያቃጥለው ወደ 200 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። የአንድ ሰዓት ወክ ሁለት ማንኪያ ዘይት እንኳን አያካክስም።

ታዲያ ለምን እሄዳለሁ? ለልቤ፣ ለእንቅልፌ፣ ለስኳሬ። ከምግብ በኋላ የ15 ደቂቃ ወክ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በጣም እንዳይወጣ ይረዳል፣ ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። ፍጥነቱ ማውራት የምትችሉበት ግን መዝፈን የማትችሉበት ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ዳገቱ በነፃ ነው። ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ አቅጣጫ አንዴ ውጡና ንገሩኝ። እንጦጦን ግን ለጀማሪ አልመክርም፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ትንፋሽ ይነሳል። መጀመሪያ ጉልበታችሁን አለማምዱት።

ወደ ድስቱ እንምጣ።

ካሎሪ መቁጠር የተፈለሰፈው ለየብቻው በሳህን ለሚበላ ሰው ነው። ስልኬ ላይ ያለው የካሎሪ መቁጠሪያ አፕ "ስንት ግራም በላሽ?" ይላል። እኔ የት አውቃለሁ! አምስት ሆነን ከአንድ ትሪ በልተናል፣ ምስሩ በወንድሜ በኩል ነበር፣ ጎመኑ በኔ በኩል፣ መሀል ላይ አክስቴ "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" ብላ ሁለት ጊዜ አጉርሳኛለች። ጉርሻ አፑ ላይ የለም፣ ፈልጌያለሁ። የአክስቴ ጉርሻ ደግሞ አንድ ምሳ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚተወው። "ይሄ ለኛ አይሆንም" ይላል፣ ወይም ከቤተሰቡ ተነጥሎ ሰላጣውን ይዞ ጥግ ይቀመጣል፣ እኔ ይሄን ሁለተኛውን ጭራሽ አልወደውም፣ እናት ታዝናለች፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል። የኔ መፍትሔ ከትሪው ላይ መቁጠሬን ትቼ ድስቱ ላይ መቁጠር ነው።

እንዲህ ነው። እማዬ ስትሠራ ዘይት በማንኪያ አትለካም። ጠርሙሱን ዘቅዝቃ ዷ ዷ ዷ ታደርገዋለች፣ ሽንኩርቱ ጠጣ ሲል ደግሞ ትጨምራለች። እሷን ለኪ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጠርሙሱን ራሱን መዘንኩት። ወጡን ከመጀመሯ በፊት የኩሽና ሚዛኗ ላይ አስቀምጬ ቁጥሩን ያዝኩ፣ ወጡ ከእሳት ሲወርድ እንደገና አስቀመጥኩት። ልዩነቱ 170 ግራም ሆነ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው። 1,500 ካሎሪ ገደማ ዘይት ብቻ፣ ለአምስት ሰው ሲካፈል 300። ምስሩም እንጀራውም ገና አልተቆጠረም። እማዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ደግሞ ዘይት በኪሎ ልትሸጪ ነው?" አለችኝ።

አልተጨቃጨቅንም። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ሲይዝ ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረግን አቁላላነው፣ ዘይቱ በኋላ ገባ። ይሄ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ድሮም በብዙ ቤት እንዲሁ በደረቁ ነው የሚጀምረው። ዘይቱ በግማሽ ቀነሰ፣ አባቴ ምንም አላለም፣ አባቴ ምንም ካላለ ወጡ ጥሩ ነው ማለት ነው።

እንጀራው ደግሞ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ይመዘናል። እኛ ሰፈር የሚሸጠው አንዱ ወደ 350 ግራም ይመጣል፣ 500 ካሎሪ አካባቢ አድርጌ እይዘዋለሁ። የውጭ አፖች ላይ ያሉት የእንጀራ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፣ ሰው እንደፈለገው ነው የሚሞላው። እኛ ግን የራሳችን የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ አለን፣ የድሮው የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ያዘጋጀው፤ እንጀራው፣ ቆሎው፣ ሽሮው ሁሉ አለበት። ከሱ ነው የምነሳው። ከዚያ ግማሽ እንጀራ ጠቅልዬ ይዤ ትሪው ላይ እቀርባለሁ። ወጡን ከሁሉም ጋር እጠቅሳለሁ፣ እንጀራዬ ሲያልቅ አልቋል። ጉርሻውን እቀበላለሁ። በምትኩ ከእንጀራዬ ትንሽ እቀንሳለሁ።

መጠጥ ላይ ብዙ አልቆይም። ለስላሳ፣ ስኳር የተጨመረበት ስፕሪስ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በቀን አራት ጊዜ። ታውቁታላችሁ።

ጾም ላይ ግን ልቁም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እና ጾሞ የሚወፍር ሰው ሞልቷል። ሥጋና ቅቤ ወጣ፣ ዘይት ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ርቧችሁ ስትቀመጡ ሳንቡሳ፣ ድንች ጥብስ፣ ዳቦ፣ ከዚያ ደግሞ "የጾም ነው" ተብሎ ለውዝ በእፍኝ። ለውዝ በ100 ግራም 570 ካሎሪ አለው፣ ይሄን ሳውቅ እኔም ደንግጫለሁ። ጾም ላይ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ይብዛ፣ ፕሮቲኑ ጡንቻችሁን ይይዝላችኋል፣ ያጠግባልም።

ስንት ይቀነስ? ሰውነታችሁ ከሚፈልገው በቀን 400፣ 500 ብታጎድሉ ይበቃል፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይሄዳል። ከአንድ ኪሎ በላይ በየሳምንቱ ለሚወርድ ሰው እኔ አላጨበጭብም። በጣም በፍጥነት ሲከሳ የሐሞት ጠጠር ይመጣል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ ጡንቻ አብሮ ይሄዳል። ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 ካሎሪ በታች ያለ ሐኪም ክትትል አይውረድ። እርጉዝ የሆናችሁና የምታጠቡ ይሄን ነገር ለጊዜው ተዉት። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ደግሞ ምግብ ሳትቀንሱ፣ ወክም ሳትጀምሩ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፣ ስኳር ድንገት ወርዶ መንገድ ላይ ሊጥላችሁ ይችላል፣ በኪሳችሁም ከረሜላ አይጥፋ። ከምግብ ጋር ድሮም ጠብ ያለበት ሰው፣ እየበላ የሚያስመልስ፣ ቁጥር ሲያይ የሚጨነቅ፣ ካሎሪ ባይቆጥር ይሻለዋል።

አዎ፣ ሻዩ። ብዙ የማቅጠኛ ሻይ ውስጥ ሰና አለበት፣ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ውሃና ሽንት ቤት የገባው ነገር ነው፣ ስቡ እዚያው ነው። ብሩን ለጫማ አውሉት።

ሚዛን ላይ ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምሱ ውጡ፣ የሳምንቱን አማካይ ያዙ። የፋሲካ ማግስት አትመዘኑ እባካችሁ! ጨውና እንጀራ ውሃ ይይዛሉ፣ ሁለት ኪሎ ጨምራችሁ ብታዩ ስብ አይደለም፣ በሦስት አራት ቀን ይወርዳል።

የመጨረሻው ነገር የሰው አፍ ነው። እኛ አገር ስትወፍሪ "አምሮብሻል"፣ ስትከሺ "ምን ነካሽ፣ አመመሽ እንዴ?" ነው። አክስቴ ለእማዬ ስልክ ደውላ "ልጅቷን አስመርምሪያት" ብላለች። እኔ ደህና ነኝ፣ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቁጥሩም አለኝ። እናንተ ግን ምግባችሁን ሳትቀንሱ፣ ሳትራመዱ፣ ሳታስቡት ልብሱ እየሰፋ ከመጣ የአክስቴን ምክር ስሙና ተመርመሩ። ስኳር ሊሆን ይችላል፣ ታይሮይድ፣ ቲቢ፣ ሌላም። እሱን ወክ አይፈታውም።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ። ቻው።