ዲድን ማን ጠራው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን የእንግሊዝኛ ፓሲቭ ጥያቄ ነው ሲያመራምረኝ የከረመው፤ ያው «ማን አደረገው?» ሳይሆን «ተደረገ ወይ?» የምንልበት ማለቴ ነው። አትሳቁ እንጂ!

ትምህርት ቤት አክቲቭን ወደ ፓሲቭ መቀየር እንደ ጉድ ነበር የሚያለማምዱን። ዓረፍተ ነገሩ በነጥብ ካለቀ ብዙዎቻችን እንሠራዋለን። የጥያቄ ምልክት ሲመጣ ነው ጉዱ። «ዲድ ዩ ኢት?» (በላህ ወይ?) ማለት ስለለመድን አፋችን ቶሎ ብሎ «ዲድ»ን ይጠራል። ከዚያ «ዲድ ዘ ሌተር ዋዝ ሴንት?» ትመጣለች። ስህተት!

ፓሲቭ ውስጥ እኮ ረዳት ግስ ቀድሞውኑ አለ። «ዋዝ»ን ከባለቤቱ ፊት ማምጣት ነው፦ «ዋዝ ዘ ሌተር ሴንት?» አለቀ። ረዳቶቹ ሲበዙስ? የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚዘለው። «ሃዝ ዘ ቢል ቢን ፔይድ?» «ካን ኢት ቢ ሪፔርድ?» እነ «ቢን» እና «ቢ» ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። እኛ «ደብዳቤው ተላከ?» ስንል ድምፃችንን ከፍ ማድረግ ይበቃናል። ቃል ማዘዋወሩ ቢያደናግረን አይገርምም።

«ሁ ዋዝ ኢት ሪትን ባይ?» ላይ ደግሞ «ባይ» መጨረሻ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ጆሮ ይቆረቁራል፤ ሰው የሚያወራው ግን እንደዚያ ነው። በ«ባይ ሁም» መጀመርም ልክ ነው። ለወሬ ግን ከረባት ያሰረ ይመስለኛል።

እኔ የፓሲቭ ጥያቄን በጣም የምወድለት ሰው አለመወንጀሉን ነው። አሜሪካ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ሺፍት ስትቀያየሩ «ዲድ ዩ ጊቭ ኸር ዘ ሜዲሲን?» ካላችኋት ባልደረባችሁ ልትቆጣ ትችላለች። «ዋዝ ሺ ጊቭን ኸር ሜዲሲን?» ስትሉ ጨዋታው ስለ አሮጊቷ ይሆናል። በእኛም ቤት «በሩን አልዘጋህም?» ከማለት «በሩ አልተዘጋም እንዴ?» ይባል የለ? ያው ያልዘጋው ሰውዬ ራሱን ያውቃል።

ደግሞ በእነ «ዋዝ» ፈንታ የሚመጣ አንድ አመለኛ አለ፤ «ጌት»። «ዲድ ዩ ጌት ፔይድ?» እዚህ ጋ «ዲድ» በክብር ይመለሳል። «ጌት» እንደ ተራ ግስ ነዋ የሚሠራው፤ ጥያቄ ሲሆን ረዳት ይፈልጋል። «ወር ዩ ፔይድ?» ማለትም ይቻላል፤ በደሞዝ ሰሞን ጓደኛሞች ሲጠያየቁ የምሰማው ግን የፊተኛውን ነው።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ። ቻው።