ጣፋጩን ለመጨረሻ አናቆየው

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። የሂሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ስለሚያቀርቡልን እኔ በቀጥታ ፊታችሁ ወደ ተደረደሩት ብርጭቆዎች ልግባ።

ለዘንድሮው ቅምሻ የመረጥነው አረቄ የሚጨመርባቸውን የፖርቱጋል ወይን ጠጆች ነው። አብዛኞቻችን የምናውቃቸው ራት ተበልቶ፣ ሆድ ሞልቶ ሲያበቃ በትንሽ ብርጭቆ ከቸኮሌት ጋር ሲመጡ ነው። ይህን ልማድ አልወደውም። በዚያ ሰዓት ምላስ ደክሟል፤ ቸኮሌቱም ስስ የሆነውን መዓዛ ሁሉ ይደፍቀዋል። ስለዚህ ዛሬ ማዕዱን የምንከፍተው በእነዚህ ወይኖች ነው።

ጣፋጭነቱ ከየት እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ማጣመሩ አይከብደውም። በሰሜን ፖርቱጋል፣ ዱሮ በተባለው ወንዝ ሸለቆ፣ የወይኑ ጭማቂ ሁለት ሦስት ቀን ያህል ከፈላ በኋላ፣ ስኳሩ ገና ሳያልቅ፣ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል። መፍላቱ ይቆማል፣ ስኳሩ ይቀራል፣ የአልኮሉ መጠንም 20 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ፖርት የሚባለው ይህ ነው። ገበያው እየደራ ሲሄድ ኤልደርቤሪ የተባለውን ዛፍ ጥቁር ፍሬ እየቀላቀሉ ቀለሙን የሚያደምቁ አጭበርባሪዎች መጡ፤ በ1756 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአካባቢውን ወሰን ማስከለል የጀመረው የፖርቱጋሉ ዋና ሚኒስትር የማርኪስ ደ ፖምባል አስተዳደርም ዛፉ ጭምር ከሥሩ እንዲነቀል አዘዘ። ቆራጥ ሰው ነበር!

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ካለችው የፖርቱጋል ደሴት የሚመጣው ማዴይራ ደግሞ ጉድ ነው። ሌላውን ወይን የሚያበላሹት ሙቀትና አየር እሱን ያሳምሩታል። በጥንት ጊዜ በመርከብ ተጭኖ የሐሩርን ባሕር አቋርጦ ሲመለስ ጣዕሙ ተሻሽሎ ተገኘ፤ ዛሬ ምርጡ በርሜል የሚቀመጠው ፀሐይ በሚያሞቀው ጣሪያ ሥር፣ ቆጥ ላይ ነው። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ እንኳን ለወራት ይቆያል።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ከማዴይራ ወይኖች ደረቁ፣ ማለትም ጣፋጭነቱ ትንሽ የሆነው፣ ሰርሲያል ነው። ከቀጭን የሥጋ መረቅና ከተጨሰ ዓሣ ጋር ቅመሱት፤ ኮምጣጣነቱ ስቡን ጠርጎ ይወስደዋል።

ቀጥሎ በበርሜል የሚበስለው የፖርት ዓይነት፣ የ20 ዓመቱ ቶኒ ፖርት ይመጣል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ጠርዙን ተመልከቱ፤ ቀዩ በበርሜል ውስጥ ለዓመታት ወደ ሻይ ቀለም ሲለወጥ ኖሯል። የተቆላ አልሞንድ፣ የብርቱካን ልጣጭና የካራሜል ሽታ ይሰጣችኋል። ቀዝቀዝ ያደረግነው አልኮሉ አፍንጫ እንዳይወጋ ነው። አጠገቡ ያለው ፓስቴል ደ ናታ፣ የፖርቱጋሎች የእንቁላል ክሬም ኬክ፣ ሆን ተብሎ ስኳሩ ተቀንሶ የተጋገረ ነው፤ ምግቡ ከወይኑ በላይ ከጣፈጠ ወይኑ ጎምዛዛ ሆኖ ይቀራልና።

በመጨረሻ ቪንቴጅ ፖርትን፣ ማለትም ከአንድ ምርጥ ዓመት ምርት ብቻ የሚሠራውን ፖርት፣ ሰማያዊ ሻጋታ ካለው የእንግሊዝ አይብ ከስቲልተን ጋር እናገናኘዋለን። የአይቡ ጨው የወይኑን ጣፋጭነት ያጎላል፣ ወይኑም የሻጋታውን ምሬት ያለዝባል። ለእኔ የዛሬው ምርጥ ጥምረት ይህ ነው፤ የሚከራከረኝ ካለ በሻይ ሰዓት እንገናኝ። ይህ ወይን ሳይጣራ የሚታሸግ በመሆኑ አተላ ያወጣል። አተላው እንዲዘቅጥ ጠርሙሶቹን ከትናንት ጀምሮ አቁመናቸዋልና እባካችሁ ማንም አይነቅንቃቸው።

የመትፊያ ዕቃ በየጠረጴዛው አለ፤ መኪና የምታሽከረክሩ አባላት ያለ ይሉኝታ ተጠቀሙበት። ውኃና ዳቦም ቀርቧል።

ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። ገንዘብ ያዣችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።