መሪ ከያዙ በኋላ የሚመጣው ስልክ

የተከበራችሁ ሾፌሮች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ብዙዎቻችሁ እሑድን ቤታችሁ የምታሳልፉት ከስንት አንዴ ነው። ያቺን ቀን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

እዚህ አሜሪካ ትራክ መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ግን የአልኮል ምርመራ ወድቄ መሪ ስላልነካሁባቸው 7 ወራት ነው። ከዚያም፣ ከተመለስኩ በኋላ ስለመጡት ስልኮች።

የዘመድ ሠርግ ነበር። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ስንጠጣ አመሸን። ትንሽ ተኛሁ፣ ታጠብኩ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ ገባሁ። ደህና ነኝ ብዬ ነበር። «ራንደም ወጥቶብሃል፣ አሁኑኑ ሂድ» ተባልኩ። ራንደም ማለት በዕጣ የሚወጣ ድንገተኛ ምርመራ ነው። ከትንፋሽ አልኮል የሚለካውን መሣሪያ ነፋሁ። ሴትዮዋ ቁጥሩን አየችና 15 ደቂቃ እንድቀመጥ ነገረችኝ። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ተቀመጥኩ። ደግሜ ነፋሁ። 0.046 ይላል። ሕጉ 0.04 ላይ ያቆማል።

በቃ፣ ሥራዬ እዚያው ቆመ። ስሜም ክሊሪንግሃውስ ገባ። ክሊሪንግሃውስ በአልኮልና በዕፅ ምርመራ የወደቁ ሾፌሮች የሚመዘገቡበት፣ ከጃንዋሪ 6 ቀን 2020 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል መዝገብ ነው። የትኛውም ኩባንያ ሊቀጥራችሁ ሲል መጀመሪያ እሱን ያያል። ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ መዝገቡ «የተከለከለ» ካላችሁ ስቴቱ ሲዲኤላችሁን፣ ማለትም የትራክ መንጃ ፈቃዳችሁን፣ ራሱ ያወርደዋል፤ ትራክ መንዳት አትችሉም።

መመለሻው መንገድ አንድ ነው። ሳፕ የሚባለው የአልኮልና የዕፅ ችግር ባለሙያ ያያችኋል። ትምህርት ወይም ሕክምና ያዛል። እሱን ስትጨርሱ ደግሞ ያያችኋል። ከዚያ የመመለሻ ምርመራ አለ። እሱን ካለፋችሁ መንዳት ትችላላችሁ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እኔም አላውቅም ነበር። መሪ የያዝኩ ቀን ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ፎሎው አፕ፣ ማለትም የክትትል ምርመራ፣ የሚጀምረው ያኔ ነው። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ 6 ጊዜ ትመረመራላችሁ። ከ6 ዝቅ የለም። ሳፑ ቁጥሩን መጨመር ይችላል። ጊዜውንም በድምሩ እስከ 5 ዓመት ማራዘም ይችላል። በአልኮል የወደቀ ሰው የድራግ፣ ማለትም የዕፅ፣ ምርመራም ሊታዘዝበት ይችላል፤ እኔ ሁለቱንም ተመርምሬያለሁ። ዕቅዱን ለእናንተ አያሳዩም። የሚያውቁት ሳፑና ኩባንያው ብቻ ናቸው። ቀኑን ኩባንያው ይመርጣል፣ አስቀድሞም አይነግራችሁም። ስልክ ይደወላል፣ ሂድ ትባላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። የራሳችሁን ትራክ የምትነዱም ብትሆኑ ቀኑን ራሳችሁ አትመርጡም፤ የሚጠራችሁ የተመዘገባችሁበት ኮንሶርሺየም፣ ማለትም ምርመራውን የሚያስተዳድርላችሁ ድርጅት፣ ነው።

አሁን እርስ በርሳችን የማናወራው ነገር ላይ ልምጣ። የመመለሻውና የክትትሉ የሽንት ምርመራ ሰው ቆሞ እያየ ነው የሚሰጠው። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት። ሸሚዛችሁን ከወገብ በላይ ትሰበስባላችሁ። ሱሪና የውስጥ ልብሳችሁን እስከ ጭን አጋማሽ ታወርዳላችሁ። ምንም እንዳልደበቃችሁ ለማሳየት ትዞራላችሁ። ከዚያ ሽንቱ ከሰውነታችሁ ወደ ዕቃው ሲወርድ ሰውየው ያያል።

እኛ እንዴት እንዳደግን ታውቃላችሁ። እኔ ከወንድሞቼ ፊት እንኳ ልብስ የማልቀይር ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ሽንቴ እምቢ አለኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሕጉ 3 ሰዓት ይሰጣል፣ እስከ 40 አውንስ ውሃም መጠጣት ይፈቀዳል። ጠጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቼ የሚፈለገውን 45 ሚሊ ሊትር ሰጠሁ። የማውቀው አንድ ወንድማችን ግን እዚያው ቦታ ላይ ተናደደ። «እኔ እንዲህ አልዋረድም» ብሎ ጥሎ ወጣ። ጥሎ መውጣት «እምቢታ» ተብሎ ነው የሚመዘገበው፣ ከመውደቅ እኩል ነው። ንጹህ ሰው ነበር። እንደገና ከሀ ጀመረ። እባካችሁ አትውጡ። ፊታችሁ ቢቀላም፣ እንባችሁ ቢመጣም፣ አትውጡ። ሦስት ሰዓት ካለፈም የሐኪም ማጣሪያ አለ፣ ያ ገና ውድቀት አይደለም።

ሌላው ወረቀቱ ነው። ናሙና ስትሰጡ የእናንተ ኮፒ ይሰጣችኋል። እዚያ ላይ የምርመራው ምክንያት የሚመረጥባቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። ራንደም አለ፣ መመለሻ አለ፣ ፎሎው አፕ አለ። የትኛው ላይ ምልክት እንዳለ ከክሊኒኩ ሳትወጡ እዩ። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያው ኩባንያዬ ራንደም ወጥቶብኝ የተመረመርኩትን ከክትትሉ ቆጠረው። ራንደም ግን የክትትሉን ቦታ አይተካም። ለየብቻ ናቸው። ኩባንያ ስቀይር አዲሱ ዕቅዱን አስልኮ ሲያመሳክር ቁጥሩ ጎደለ። አዎ፣ ኩባንያ ብትቀይሩ ዕቅዱ ይከተላችኋል። ዓመት አቁማችሁ ብትመለሱም ይጠብቃችኋል። ያን ጊዜ ያዳነኝ ዳሽቦርዱ ውስጥ በፖስታ ያስቀመጥኳቸው ኮፒዎች ናቸው። የቱ ምን እንደነበር በቀኑ አሳየሁ፣ የጎደለውም ተሟላ። ክሊኒኩ ረስቶ ሳይታይ ከተቀበላችሁም ዝም አትበሉ። ኩባንያው ሲያውቅ መልሶ መላክ አለበት።

ስለ ዕፁም አንድ ነገር ልበል። በምትኖሩበት ስቴት ማሪዋና ተፈቅዶ ይሆናል። ለእኛ አልተፈቀደም። ሲዲኤል ያለው ሰው የሚዳኘው በፌዴራል ሕግ ነው። ጫትም እንደዚሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በዚህ አገር ሕግ አንደኛ መደብ ላይ የተቀመጠ ክልክል ዕፅ ነው። አገር ቤት ገበያ ላይ በግልጽ ስለሚሸጥ እዚህ የሚያስከትለውን ነገር ቀላል የምናደርግ አለን።

እና ገንዘቡ። ሕጉ ኩባንያው ይክፈል አይልም። መልሶ ይቅጠርም አይልም። ለሳፑ፣ ለትምህርቱ እኔ ከኪሴ ከፍያለሁ። በክትትል ላይ ያለን ሾፌር የሚቀጥር ኩባንያ ማግኘትም ከባድ ነው። እኔ እስካገኝ ብዙ በር አንኳኩቻለሁ። ስጠየቅ ግን አልደበቅኩም። መዝገቡ ላይ ያለን ነገር መደበቅ አይቻልም፣ የሚያዩት ሰዎችም ቀድሞ የነገራቸውን ሰው በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቤቴ ነበር። እነዚያን 7 ወራት ባለቤቴ ለሰው ሁሉ «ትራኩ ተበላሽቶበት ነው» ስትል ከረመች። እድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ልጅ ክርስትና ላይ። እኔ ጎኗ ቆሜ አንገቴን እነቀንቅ ነበር። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ ትራኩ መቼ ነው የሚሠራው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ ይህን መንገድ የሄደ አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አላባክንም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሳፕ ሳልፈልግ ቤት የተቀመጥኩት በሐፍረት ብቻ ነው። አፍረው ሲዲኤላቸውን ትተው ሌላ ሥራ የገቡ ጎበዝ ሾፌሮችም አውቃለሁ። መንገዱ ተዘግቶባቸው አልነበረም።

የክትትሌ የመጨረሻው ስልክ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዕቃ ለመጫን ዶክ ላይ ነበርኩ። የመጨረሻው መሆኑን ግን አላወቅኩም፣ አይነገርማ። ክሊኒኩ ስደርስ ሰውየው ከበፊቶቹ በአንዱ የተመለከተኝ ነው። አወቀኝ። «እንዴት ነህ?» አለኝ፣ ገባሁ፣ ሰጠሁ፣ ወረቀቴን አይቼ ፖስታው ውስጥ ከተትኩ።

ያ ፖስታ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። ዝግጅቱ ሲያልቅ ከኋላ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ። ወረቀታችሁን አምጡ፣ አብረን እናያለን። ሰው ፊት መምጣት የከበዳችሁ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቁኝ። ሰው ሲበተን እወጣለሁ።