ዜማው አንድ፣ ስሙ ብዙ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙዚቃ ወዳጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

እኛ ዘንድ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለአየርላንድ የጭፈራ ዜማዎች ግን ስም የሚያወጣላቸው ተጫዋቹ ነው፤ አንዱ ያወጣውንም ሌላው ይለውጠዋል።

አንዱን ተከትለን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1809 ስኮትላንድ ውስጥ በታተመ የዜማ ስብስብ «የራሴይዋ ወይዘሮ ማክላውድ» የሚል ሪል፣ ማለትም ፈጣን የጭፈራ ዜማ፣ አለ። ራሴይ ስካይ ከምትባለው የስኮትላንድ ደሴት አጠገብ ያለች ደሴት ናት። ዜማው አየርላንድ ሲገባ ወይዘሮዋ ወይዘሪት ሆነች። አሜሪካ ሲደርስ ደግሞ ሴትየዋ ጭራሽ ጠፋች፤ የደቡብ ባንጆ መቺዎች «አጎት ጆ፣ ሰይጣን አይተህ ታውቃለህ?» የሚል ግጥም አገቡበት። ዜማው ግን ያው ነው፤ ጆሮ አይስተውም።

ለምን እንዲህ ሆነ? አብዛኞቹ ተጫዋቾች የተማሩት ከኖታ ሳይሆን ከሰው ጣት ነው። ሌሊቱን ዜማውን በጆሯቸው ይዘው ይሄዳሉ፣ ስሙ መንገድ ላይ ይቀራል። ጠዋት ጠያቂ ሲመጣ የአስተማሪያቸውን ወይም የመንደሩን ስም ይሰጡታል። እኔ ይህን እንደ ስሕተት አላየውም፤ ስሙ ዜማውን ከማን እጅ እንደተቀበሉት የሚናገር ምስክር ነው።

ይህ ነገር ፍራንሲስ ኦኒልን ብዙ አድክሞታል። እ.ኤ.አ. በ1848 በአየርላንድ ኮርክ አውራጃ የተወለደው ይህ ሰው የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ ነበር፤ በ1903 1,850 ዜማዎችን በአንድ መጽሐፍ አሳተመ። በኋላ ባወጣው መጽሐፍ ስለ ስሞች መብዛት ብቻ የሚናገር ምዕራፍ አለው። ብሬንዳን ብራናክ የተባለው ሰብሳቢ ደግሞ ሌላ ዘዴ ፈጠረ፤ ስሙን ተወና የዜማውን መነሻ ድምፆች በቁጥር እየመዘገበ ዜማን ከዜማ አስተያየ። በጣም የማደንቀው ሥራ ነው።

ስም ብቻ ሳይሆን የዜማ ዓይነትም ይጓዛል፤ ሪል ከስኮትላንድ፣ ፖልካ የሚባለው ጭፈራ ከቦሔሚያ (ከዛሬዋ ቼክ) መጡ። ዛሬ ግን በኮርክና በኬሪ ድንበር ላይ ፖልካን የሰማ ሰው እንግዳ ነው ሊለው አይችልም።

ስም ያላገኙ ዜማዎችም አሉ። በአየርላንድ የምሥራቅ ጎልዌዩ ቫዮሊን ተጫዋች ፓዲ ፌሂ ዜማ ይደርሳል እንጂ ስም አያወጣም ነበር። ስለዚህ ተጫዋቾች ሁሉንም «የፓዲ ፌሂ» ይሏቸዋል፣ ለመለየት ቁጥር ይጨምሩላቸዋል። ሌላውን ስም የለሽ ዜማ በአይሪሽኛ «ጋን አኒም» ይሉታል፤ «ያለ ስም» ማለት ነው።

አሁን ቫዮሊኔን ላንሳና ያንን የራሴይ ዜማ ልጫወትላችሁ።