ጮቄ ላይ ማደር

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ፊቴ ላይ አንድ ደብተር ተዘርግቷል። ጎጃም ወዳለው ጮቄ ተራራ የምናደርገውን የዘንድሮ ጉዞ እያቀድኩበት ነው። ሦስት ሌሊት፣ በእግር፣ ጓዛችንን ተሸክመን።

ብዙ ሰው «ጮቄ እኮ መኪና ይወጣል፤ ምን አደከማችሁ?» ይለኛል። እውነት ነው፣ መንገዱ ተራራውን አቋርጦ ያልፋል። ግን በመኪና የሄደ ሰው ጮቄን አይቶ ይመለሳል እንጂ አያድርበትም። እኔ የምፈልገው ማደሩን ነው። ከባዱም እሱ ነው።

አምና ከጓደኛዬ ጋር ስንወጣ ሐሳባችን ሁሉ ጫፉ ላይ ነበር። ስንት ሰዓት እንደርሳለን? ፎቶ የት እንነሳለን? ሌሊቱን ያሰበው የለም። ድንኳን አለ፣ ሁለት ሁለት ጋቢ አለ፣ በቃ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጎኔ ደንዝዞ ነቃሁ። ከላይ ደህና ነኝ። ከታች ግን መሬቱ ሙቀቴን ይመጠዋል። ራስጌ ያስቀመጥኩት የሃይላንድ ውሃ በረዶ ሠርቷል፤ ስነቀንቀው ኳ ኳ ይላል። ቁጭ ብለን አነጋነው።

ጠዋት አንድ አባት በጎቻቸውን እየነዱ መጡ። ድንኳኑን ገልጠው ወደ ውስጥ አዩ። «ምን አንጥፋችሁ ነው የተኛችሁት?» አሉን። ምንም። «ልጆቼ፣ ብርዱ እኮ ከታች ነው የሚመጣው» አሉ። ማታ ቤታቸው አሳደሩን። የገብስ ገለባ ጎዘጎዙ፣ በላዩ አጎዛ አነጠፉልን። ያን ሌሊት ዶሮ ሲጮህ እንኳን አልሰማሁም።

ስለዚህ ዘንድሮ ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት «የሚነጠፍ» የሚለውን ነው። ወፍራም ፍራሽ፣ አጎዛም ቢሆን፣ ከጋቢው በፊት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከተማዋ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 በላይ። ማርቆስ ሌሊቱን 8 ዲግሪ ካደረች፣ እላይ ውርጭ ነው ማለት ነው። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል።

ሌላው አወጣጡ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችንን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አንጨምርም። አምና በአንድ ቀን ወጥተን ጓደኛዬን ራሱን ሲፈልጠው ዋለ። አሁን ሁለቱን ሌሊት ዝቅ ብለን አድረን፣ ጫፉን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወጥተን እንመለሳለን። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ መውረድ ነው። ክርክር የለም።

ስንቁ አላስቸገረኝም። የነቢያት ጾም ስለሚሆን ጭኮው ይቀራል። በሶ በስኳር፣ ቆሎ፣ ሻይ። ውሃ ሞልቷል፤ ማርቆስ አጠገብ የምናውቀው የጨሞጋ ወንዝ እንኳን ከዚያው ነው የሚወርደው። ግን ከብት በሚውልበት መስክ የሚያልፈውን ውሃ ሳናፈላ አንጠጣም።

እሳት አንጭርም፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ እንይዛለን። ይሄን አጥብቄ የምናገረው አስታው፣ ያ የደጋው ዛፍ፣ እያለቀ ስለሆነ ነው። እርሻውና ማገዶው እየጨረሰው ነው፤ እኛ ደግሞ ለሻይ ብለን ልንቆርጥ? ጅብራውንም፣ ያንን ረጅሙን የደጋ ተክል፣ እንደዚያው። ጅብራ ስንት ዓመት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። አምና አንዱን ግንድ ስነካው ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር፣ ከእኔ ቁመት በእጥፍ ይበልጣል። ሰው ለፎቶ ብሎ ቅጠሉን ሲነጭ ሳይ አንጀቴ ያርራል።

የቀረው ቀኑን መቁረጥ ነው። ትናንት ለእኚያ አባት ደወልኩላቸው። «አጎዛው አለ» አሉኝ። «ግን መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ እኔም በዚህ በኩል እጠይቅላችኋለሁ።» ደብተሩ ላይ የቀኑን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። እሳቸው «ኑ» ሲሉን እንነሣለን።