ሜቲ ማለት ክልስ ማለት አይደለም

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ በቶሮንቶ አዳራሽ የተሰበሰባችሁ ወገኖቼ፤

ከመካከላችን ከ2021 አጋማሽ ወዲህ የካናዳን ዜግነት የተቀበለ ሰው በቃለ መሐላው ውስጥ ቀደም ሲል ያልነበረ ሐረግ ተናግሯል። ሐረጉ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች የሆኑትን የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲን መብት እንደሚያውቅና እንደሚያጸና ይገልጻል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ብዙዎቻችን በግምትም ቢሆን እናውቃለን፤ ስለ ሦስተኛው ስንጠየቅ ግን «ክልሶች ናቸው» ብለን እናልፋለን። ይህ ትርጉም ለምን እንደማይበቃ፣ ማን ነባር ማን ባዕድ እንደሆነ ሲወስን የኖረው ሕግም በቅይጥ ቤተሰቦች ላይ ምን እንዳደረገ ዛሬ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጸጉራም አውሬ ቆዳ ንግድ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሳባቸው ፈረንሳውያንና ስኮትላንዳውያን ክሪና ኦጂብዌ ከተባሉት ነባር ሕዝቦች ሴቶች ልጆች ወለዱ። ልጆቹ ክልሶች ነበሩ። የእነዚህ ልጆች ልጆች ግን እርስ በርሳቸው እየተጋቡ፣ ዛሬ ዊኒፔግ በምትገኝበት በሬድ ሪቨር ሸለቆ ሰፍረው፣ የራሳቸውን የጎሽ አደን ሥርዓት አበጅተው፣ የስም ቃላቱን በአመዛኙ ከፈረንሳይኛ፣ ግሦቹን ከክሪ የወሰደውን ሚቺፍ የተባለ ቋንቋ እየተናገሩ አንድ ሕዝብ ሆኑ። ፈረንጆች ክልሱንና የዚህን ሕዝብ አባል የሚለዩት ሜቲ የሚለውን ቃል አንዴ በትንሽ፣ አንዴ በትልቅ ፊደል ጀምረው በመጻፍ ነው፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ልዩነቱ በጆሯችንም በዓይናችንም ያመልጠናል።

በ1870 የወጣው የማኒቶባ ሕግ ለሜቲ ልጆች 1.4 ሚሊዮን ኤከር መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። አፈጻጸሙ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ፤ በዚህ መካከል ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ምዕራብ ተሰደዱ፣ መሪያቸው ሉዊ ሪየልም በ1885 በስቅላት ተቀጣ። ቆየት ብሎ ስክሪፕ የሚባል፣ በመሬት ወይም በገንዘብ የሚመነዘር ወረቀት በየሰፈሩ ይታደል ጀመር። የመንግሥት ኮሚሽነሮች በመጡ ጊዜ ቤተሰቡ ወይ እንደ ኢንዲያን፣ ማለትም በሕጉ አጠራር እንደ ፈርስት ኔሽንስ አባል፣ ከመንግሥት ጋር በተፈረመ ውል ውስጥ መግባት ወይ እንደ ክልስ ስክሪፕ መውሰድ ነበረበት። ከአንድ እናት ማሕፀን የወጡ ወንድምና እኅት በዚያ ቀን በያዙት ወረቀት ምክንያት አንዱ ኢንዲያን፣ አንዷ ክልስ ሆነው ቀሩ፤ ልጆቻቸውም እንዲሁ።

በሌላ በኩል ከ1876 ጀምሮ የኢንዲያን ሕግ የሚባለው አዋጅ ኢንዲያን ተብሎ በመዝገብ የሚሰፍረውን ሰው ይለይ ነበር። በዚህ ሕግ ኢንዲያን ያልሆነ ወንድ ያገባች ኢንዲያን ሴት ከመዝገቡ ትሰረዛለች፣ ልጆቿም ከእርሷ ጋር። ኢንዲያን ወንድ ያገባች ነጭ ሴት ደግሞ በሕግ ፊት ኢንዲያን ትሆናለች። እንግሊዛዊቷ በጋብቻ ስትገባ፣ በዚያው ምድር የተወለደችው በጋብቻ ትወጣለች ማለት ነው። ዘርን በአባት መቁጠር ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ ቸኩለን እንዳንፈርድ አሳስባለሁ፤ ከእናቱና ከአባቱ ሁለት ቋንቋ የለመደ፣ ነገር ግን በቀበሌ መታወቂያው ላይ «ብሔር» በሚለው መስመር የአባቱን ብቻ ያስጻፈ ሰው በዚህ አዳራሽ ሳይኖር አይቀርም። ጄኔት ላቫል ይህን አንቀጽ ተቃውማ በ1973 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታች። ከቶቢክ ማኅበረሰብ የመጣችው ሳንድራ ላቭሌስ ጉዳይዋን ወደ ተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ወሰደች፤ ኮሚቴው በ1981 ካናዳ መብቷን እንደጣሰች ወሰነ።

ሕጉ በ1985 ተሻሻለ፤ ማሻሻያው ግን ሌላ ስሌት ይዞ መጣ። በአንቀጽ 6(1) የሰፈረ ሰው ከመዝገቡ ውጭ ካለ ሰው ሲወልድ ልጁ በ6(2) ይመዘገባል፤ ያ ልጅ ደግሞ ከውጭ ቢወልድ የእርሱ ልጅ ከመዝገቡ ውጭ ነው። አያቱ ያሳደገችው፣ ቋንቋውን የሚናገር ወጣት ሁለት ትዳሮች ተቆጥረውበት ከመዝገብ ሊጎድል ይችላል። ፍቅረኛ ሲመርጥ አንቀጽ የሚያሰላ ወጣት አለ ቢባል የሚያስቅ ይመስላል፤ ለሚኖርበት ግን አያስቅም።

ሜቲዎች በ1982ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ስማቸው ተጠቅሶ ዕውቅና ቢያገኙም፣ ሜቲ ማን እንደሆነ የተናገረ አልነበረም። በጥቅምት ወር 1993 ስቲቭ ፓውሊና ልጁ ሮዲ በኦንታሪዮ፣ ሱ ሴንት ማሪ አጠገብ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ገደሉ። የአደን ፈቃድ አልነበራቸውም፤ በመንግሥት ምልክት ፈንታ፣ ሥጋው ለብርዱ ወራት ስንቅ እንደሆነ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አሰሩበት። ተከሰሱ። ክርክሩ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶ በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ለእነርሱ ፈረደ፤ ሦስት መለኪያዎችንም አስቀመጠ፦ ሰውየው ራሱን ሜቲ ብሎ መጥራቱ፣ ከጥንቱ የሜቲ ማኅበረሰብ መወለዱ፣ የዛሬው ማኅበረሰብም አባሌ ነው ብሎ መቀበሉ። በመቶኛ የሚለካ ደም አልጠየቀም፤ ክልስነት ብቻውን እንደማይበቃም በግልጽ ጻፈ።

ፍርዱን አከብራለሁ፤ የሚያሳስበኝ ማስረጃው ነው። መለኪያው ማኅበረሰቡ የአውሮፓውያን ሥልጣን በአካባቢው ሳይጸና በፊት እንደነበረና እስከ ዛሬ እንዳልተቋረጠ ማስረዳትን ይጠይቃል። ቤተሰቡን በስክሪፕ የከፋፈለው፣ ሴቲቱን ከመዝገብ የፋቀው፣ ልጇን በግዳጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባው ያው መንግሥት ነው፤ አሁን ደግሞ «ሳትቋረጡ አብራችሁ ኖራችኋል ወይ?» ብሎ በችሎት የሚሞግታቸው እርሱ ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ የሱ ሴንት ማሪ ማኅበረሰብ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ከዓይን ተሰውሮ መኖሩን አምኖ፣ መሰወር ግን መጥፋት እንዳልሆነ መዝግቧል።

ይህን መብት ያለ አግባብ የሚጠቀምበትም እንዳለ አልሸሽግም። በ1996 የሕዝብ ቆጠራ ሜቲ ነኝ ያለው ሰው ወደ 204,000 ነበር፤ በ2021 ወደ 624,000 ደረሰ። ይህን በወሊድ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ቀድሞ በኀፍረት የደበቁትን ማንነት የገለጡ ብዙዎች አሉ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረች አንዲት አያት በትውልድ ሐረጋቸው አግኝተው የአደን መብት የፈለጉም አሉ። የማኅበረሰቡ መቀበል መለኪያ የሆነውም እነዚህን ለመለየት ነው፤ እኔም ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይልቅ የሰፈር ሽማግሌ ቢወስን እመርጣለሁ፣ ሽማግሌም ቂም ሊይዝ እንደሚችል ሳልዘነጋ።

ያው ፍርድ ቤት በ2016 የዳንኤልስ ጉዳይ በተባለው ክርክር ሜቲዎችና ከመዝገብ ውጭ ያሉ ኢንዲያኖች በፌዴራሉ መንግሥት ኃላፊነት ሥር እንደሚወድቁ ሲወስን፣ ለዚህ ጉዳይ የማኅበረሰቡን ቅበላ መጠየቁን ተወው። ምክንያቱም እንደ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ባሉ የመንግሥት ፖሊሲዎች ከወገናቸው የተነጠሉ ሰዎች ዛሬ የሚቀበላቸው ማኅበረሰብ ላይኖራቸው ስለሚችል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መንግሥት ኃላፊነት በሚወስድበት ጉዳይ ሜቲ ሆኖ ተቆጥሮ፣ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ሲገባ ደግሞ ሜቲ መሆኑን እንደገና ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።