የ«ኢትዮጵያ» መርከብ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ለምን አልተጻፈም?

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ውድ ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን የፈቀዱልንን፣ ምሳውን ያሰናዱልንን ከልብ እናመሰግናለን። በዓመቱ የታመመ ጠይቀናል፣ ያረፈ ቀብረናል፣ ለተቸገረ ደርሰናል። ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ስላለ አልደግመውም።

ዓመቱን ሙሉ ዕረፍት ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ። የመርከባችንን የአገልግሎት ታሪክ ለማሳተም ወስነን ነበር። የመጀመሪያው ክፍል አልቋል፤ በዚህ እኮራለሁ። ለልጆቻችን ስናወራ ክሩዘር (ትልቅ ተዋጊ መርከብ) እናደርጋታለን እንጂ፣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1944 «ኦርካ» ብለው ያሰማሯት በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድትደግፍ ነበር። 95 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብና የዕጩ መኮንኖች መሠልጠኛ ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ ለባሕር ኃይል ቀን ምጽዋ ሲወርዱ የምናሳያቸው ኩራታችን እሷ ነበረች። ይህን ሁሉ የሚክድ የለም።

ጠቡ የሚጀምረው ከምጽዋ በኋላ ነው። ምጽዋ የካቲት 1982 ዓ.ም. ከእጃችን ወጣች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ መርከቧ ወደ የመን ተሻገረች፤ እዚያው ቆማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አንዱ ወገን «ሰው አትርፈናል» ይላል። ሌላው «የአገር ንብረት ይዞ መሄድ ነው» ይላል። በዚህ ምክንያት አርታኢ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተበተነ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበሉ የነበሩ ሁለት ወንድሞቻችንም ዛሬ ሰላምታ አይሰጣጡም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ይጻፍ፣ ከነስሙ፣ ከነፊርማው። ምዕራፉን ባዶ ትተን ለልጆቻችን «የቀረውን ገምቱ» ልንል ነው?

የማተሚያ ቤቱ ክፍያም አልሞላም። የሚገርመው ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ብር የሰጡት ጡረታቸው ከሁላችንም ያነሰ ነው። በየሠርጉና በየለቅሶው «የመርከቧ ነገር» እያሉ ሲተርኩ የሚያመሹት ወንድሞቻችን ደብተር ሲዘረጋ ቀጠሮ አለብኝ ይላሉ። ዛሬም ወንበራቸው ባዶ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ አጠገባቸው የምትኖሩ ንገሩልኝ።

መውጫው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተቀምጧል። የአንድ ሟች ወንድማችን ባለቤት ያመጡልን ነው፤ ነጭ የለበሱ ወጣቶች ከፊተኛው መድፍ ሥር ተደርድረዋል። ከጀርባው በሰማያዊ ቀለም ስማቸው ተጽፎ ነበር፤ እርጥበት በልቶት የሚነበበው ሦስት ብቻ ነው። ከግራ አራተኛው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ እንዳለ አውቃለሁ። አልመጣም። እናንተ ግን ከመውጣታችሁ በፊት ቆማችሁ እዩትና የምታውቁትን አጠገቡ ባለው ወረቀት ላይ ጻፉ። እርሳስ አለ።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን ያቀርባሉ። የማተሚያው ክፍያ ጉድለት ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እሱን ሳታዩ እንዳትዘሉት።